አማቴ «ሶንግ» ሲሉ

ሰው ሁሉ ባሌ መነነ ይላል። ድንቄም ምናኔ! እኔ ጠፋ ነው የምለው። ጎህ ሲቀድ አኩሪ አተር ልፈጭ ስነሳ አልጋው ባዶ ነበር። ለማን ምን እንደተወ እንኳ አልተናገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጉሩን አናቱ ላይ ጠቅልሎ፣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሶ፣ ዉዳንግ ተራራ ላይ ባለው የድንጋይ በር ገዳም እጁን በአየር ላይ እያንሳፈፈ ይኖራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ገዳሙና ቤታችን እኮ ግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። አንድ ቀን ወርዶ «እናቴ በልታ አደረች?» አላለም።

ለእኔ የተወልኝ እናቱን ነው።

ታን ዩፒንግ እባላለሁ። ከተራራው ሥር ላኦዪንግ ከተማ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ከአኩሪ አተር የሚረጋውን ቶፉ እሠራለሁ። አማቴ ሹ ላን ይባላሉ። አሁን አልጋ ላይ ናቸው እንጂ ድሮ የታይ ቺ፣ የዚያ በዝግታ እጅና እግር የሚንሳፈፍበት ሙያ፣ አስተማሪ ነበሩ። ነጭ ሐር ለብሰው ጭጋግ ውስጥ ለፎቶ የሚቆሙት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ አውድማ ላይ፣ ዶሮ እየተመላለሰባቸው ነበር የሚያስተምሩት። አባታቸው ሚስት ማግባት ከሚፈቀድላቸው የታኦ ካህናት አንዱ ስለነበሩ ነገሩን ከቤት ነው የወረሱት። እኔም መጀመሪያ ተማሪያቸው ሆኜ ነው ወደዚያ ቤት የገባሁት፣ ምራት የሆንኩት ኋላ ነው።

ተማሪ ሆኜ ግን አላስደሰትኳቸውም። እጄን ይይዙና «የኔ ልጅ፣ ይሄ እጅ ነው ወይስ ቶፉ መጭመቂያ ድንጋይ?» ይሉኝ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ከአፋቸው የማይጠፋ አንድ ቃል ነበራቸው፦ ልቀቂ። ትከሻሽን ልቀቂ፣ ወገብሽን ልቀቂ፣ መንጋጋሽን ልቀቂ። ከጎረቤት ተጣልቼ የመጣሁ ቀንማ ገና ሳይነኩኝ ያውቁታል። «ማንን ነው ይዘሽ የመጣሽው? ልቀቂው፣ ይሂድ!» ይላሉ። ልጃቸው ሶንግ ግን ገና ሲነኩት ይለቅ ነበር። አይ ልጅ፣ ምን ዓይነት ተሰጥኦ ነው ይለው ነበር ያየው ሰው ሁሉ። አዎ፣ ተሰጥኦ ነበረው። ሥራ ይለቃል፣ ቃል ይለቃል፣ ቀጠሮ ይለቃል። በመጨረሻ እኔንም ለቀቀ።

ዘንድሮ በጸደይ አማቴን ስትሮክ መታቸው። ግራ ጎናቸው ሞተ፣ ምላሳቸውም ታሰረ። አንድ ቃል ብቻ ተረፈቻቸው፤ «ሶንግ»። ድሮ «ሶንግዬ» ብለው ነበር ልጃቸውን የሚጠሩት፤ አሁን ማቆላመጫዋን ምላሳቸው አይጨርሳትም መሰለኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር የሚሏት። ሳጥባቸው ዝም ይላሉ፣ ሳጎርሳቸው ይበላሉ፣ ደህና ነበርን።

በመንደሪን ለቀማ ሰሞን ሁሉም ነገር ተበላሸ። ጎረቤቴ ቺን ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣችና «ነይ እይ ባልሽን!» አለችኝ። አየሁት። ቪዲዮው ላይ ቱሪስቶች ሰብስቦ ታይ ቺ ያስተምራል። ሽበት ወጥቶበታል፣ ፊቱ ግን አንድ መስመር የለበትም፤ እንደ ሕፃን እየሳቀ ነው። እኔ እዚህ ሽንት ጨርቅ አጥባለሁ፣ እሱ እዚያ ይስቃል!

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ አማቴ እህል እምቢ አሉ። ማንኪያ ሳቀርብ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ላገላብጣቸው ስል እንደ ደረቅ እንጨት ይገተራሉ፣ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ «ሶንግ» ይላሉ። ደግመው «ሶንግ»። ሐኪሙ በአፍንጫቸው ያስገባውን ቱቦ በደህናው እጃቸው መንጭቀው ጣሉት። «በአፋቸው ካልበሉ ሳምንቱን አይዘልቁም፣ እወቂው» አለኝ ሐኪሙ፣ ዕቃውን እየሸከፈ።

ቺን ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። «ልጃቸውን እየጠሩ እኮ ነው! ሳያዩት አይበሉም። ሂጂና ጎትተሽ አምጪው እንጂ፣ ምን ቁጭ ትያለሽ?»

እውነቱን ልናገር? የሚያጥባቸው የእኔ እጅ፣ የሚያጎርሳቸው የእኔ እጅ፣ የሚጠራው ስም ግን የእሱ። ቅናት ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ ቅናት ነው፣ ምን ይጠበስ? ግን እኚህ ሴት እንዲሞቱብኝ አልፈልግም። በዚህ ዓለም ላይ ከእሳቸው ሌላ የለኝም። ገዳሙ ስልክ ደወልኩ። አንድ ልስልስ ያለ ድምፅ አንስቶ «ወንድማችን ተመስጦ ላይ ነው» አለኝ። ዘጋሁበት። አማቴን ለቺን አደራ ብዬ ባጃጄን አስነሳሁ።

የገዳሙ በር ላይ አንድ ወፍራም መነኩሴ ተቀምጦ የሱፍ አበባ ፍሬ ይፈለፍላል።

«እህት፣ ጧፍ ልትለኩሺ ነው?» አለኝ።

«ባሌን ልወስድ ነው።»

«እዚህ ባል የሚባል ነገር የለም።»

«እሱንማ ማን አጣው? እኔም ቤት የለም» አልኩና በጎኑ አልፌው ገባሁ።

ግቢው ውስጥ መነኮሳቱ ተሰልፈው ይለማመዳሉ፣ ጎብኚዎች ስልክ ደቅነው ይቀርጻሉ። ከአሮጌው ዛፍ ሥር እመምኔት ሁዪ ዱካ ላይ ተቀምጠው መንደሪን ይልጣሉ። ዕድሜያቸውን የሚያውቅ የለም፤ እዚያ ሰውን ዕድሜ መጠየቅ ነውር ነው። ሶንግ ከሰልፉ መጨረሻ ነበር። አየኝ። እግሩ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መዳፉን አጣምሮ ጎንበስ አለና «እህት ታን፣ ሰላም ለአንቺ» አለኝ።

«እህት?» አልኩ። ድምፄ ከግቢው ግድግዳ ተመልሶ መጣ። «እህትህ በሆንኩ! እህት ብሆን ኖሮ ዛሬ የራሴ ቤት፣ የራሴ ባል ይኖረኝ ነበር፣ ያንተን እናት ሚስትህ ታጥባቸው ነበር!»

«ዩፒንግ፣ ቀስ በይ። ሰው አለ።»

«ይስማ! ስልካችሁን ቀና አድርጉ፣ ደህና ቅረጹት! ይሄ ቅዱስ እናቱን ሜዳ ላይ ጥሎ የመጣ ነው!»

ጎብኚዎቹ ስልካቸውን ቀና አደረጉ። ሶንግ ቀላ። እኔም ነገሩን አሳጠርኩለት፤ እናትህ ወድቀዋል፣ እህል ከቀመሱ ቀናት አልፈዋል፣ ያንተን ስም ብቻ ነው የሚሉት፣ ካላዩህ ይሞታሉ፣ ና ውረድ አልኩት። ፊቱ ዓመድ መሰለ። ለቅጽበት ያ የድሮው ሰውዬ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ጨፈነ፣ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ።

«ልቤ ገና አልረጋም» አለ። «ዛሬ ልቀመጥና ልቤን ልጠይቀው።»

«ልብህን ጠይቀህ እስክትጨርስ እሳቸው መቃብር ላይ ሣር በቅሏል!»

«የእኔ መሄድ እኮ ምን ይለውጣል? ሁሉም ወደ መጣበት ይመለሳል…»

ወደ እመምኔቷ ዞርኩ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ የምታስተምሩት ይሄንን ነው? እናት ስትሞት ዓይን መጨፈን ነው ታይ ቺ?»

እመምኔት ሁዪ የመንደሪኑን ክር በጥፍራቸው እየለቀሙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ያዩት እኔን አልነበረም፤ እሱን ነው።

«በየአዲስ ዓመቱ ውረድ፣ እናትህን ጠይቅ እለዋለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል» አሉ። «ስሚኝ ልጄ። ይሄ እጅ ማንሳትና መጣል በር ነው። ለጉልበት አይደለም፣ ለጤናም አይደለም፤ ጤናው ምራቂ ነው። ሰው ሲወለድ ልስልስ ሆኖ ነው የሚወለደው። ኑሮ ሲያስፈራው ይጨብጣል፣ ጭብጡ እየጠጠረ ይሄድና "እኔ" ብሎ ስም ያወጣለታል። ያንን ጭብጥ ለመፍታት ነው ታኦ የምንለው መንገድ። የፈታ ሰው ከሰው አይሸሽም፤ ሰው ሲነካው ይሰማዋል። ባልሽ ግማሹ ነው የገባው። መልቀቁን ተማረ፣ መስማቱን ዘለለው።»

ሶንግ አንገቱን ደፋ። መነኮሳቱ ልምምዱን ትተው ከበቡን።

«እንግዲያው እጅ እንገናኝ» አልኩት።

በኛ ሙያ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ይነካካና ይገፋፋል። ጥፋቱ ሁለት ነው። አንደኛው መግጨት ነው፣ ጉልበትን በጉልበት መመለስ። ሁለተኛው መጥፋት ነው፣ እጅን ከሌላው እጅ ማላቀቅ። ሌላው ሲመጣ ትቀበያለሽ፣ ሲሄድ ትከተያለሽ፤ ከእጁ ግን አትለዪም። ከሁለት አንዱን ያጠፋ ተሸነፈ። የእኔ በሽታ ሁልጊዜ መግጨት ነው፣ የእሱን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ፤ ግን ያ ኑሮ ላይ ነው። ጨዋታው ላይ እሱ እጁን ከሰው እጅ አላቅቆ አያውቅም፤ የሚኮራውም በዚያ ነው።

«ከተሸነፍኩ ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም፣ ባልም አለኝ አልልም» አልኩት። «ከተሸነፍክ አሁኑኑ ትወርዳለህ። እመምኔቷ ይዳኙ።»

«ዩፒንግ፣ ዘጠኝ ዓመት አልሠራሽም እኮ።»

«ዘጠኝ ዓመት ኩንታል አኩሪ አተር ሳነሳ ነበር። አሁን ደግሞ እናትህን። ና!»

እጃችን ተነካካ። ቆዳው ቀዝቃዛ ነበር። እኔም አልጠበቅሁም፣ ባለኝ ኃይል ገፋሁት፤ ምንም አላገኘሁም። ደረጃ አለ ብሎ ረግጦ ባዶ እንዳገኘ ሰው ተንገዳገድኩ። ጎብኚዎቹ ሳቁ። በግራ ሄድኩበት፣ የለም። በቀኝ፣ የለም። እጁ ከእጄ ጋር ነው፣ እሱ ግን እዚያ የለም። ወይ ጉድ! ትዳራችን እኮ ልክ እንደዚህ ነበር። ስቆጣ «ልክ ነሽ» ይላል፤ ሳለቅስ «ልክ ነሽ» ይላል። አንድ ቀን እንኳ ጠረጴዛ አይመታ፣ አንድ ቀን እንኳ «ተሳስተሻል» አይል። ከጭስ ጋር ነው የኖርኩት።

«አንድ ቀን ብትጮህብኝ ምን ነበረበት?» አልኩት እየገፋሁት። «አንድ ቀን እንኳ! የምጣላው ሰው ባገኝ ባል አለኝ እል ነበር!»

«ልትገጪ ነው፣ ተጠንቀቂ!» አሉ እመምኔቷ።

ልክ ነበሩ። ትንሽ ብቀጥል አልቆልኝ ነበር። ቆምኩ። ሶንግ ፊቱ ላይ ያ የቪዲዮው ፈገግታ መጣ፤ የጨረሰኝ መስሎታል። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይሄ ሰውዬ የሚገፋውን ሁሉ ያመልጣል፤ የሚሄደውን ግን መከተል አለበት። ስለዚህ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ። እጁ ተከተለኝ። ደግሜ ሄድኩ። ተከተለኝ። እንደ ለማዳ በግ እየተከተለ ዛፉን አለፍን፣ የውሃውን ገንዳ አለፍን። መነኮሳቱ ዞር አሉልን። ተረከዜ የበሩን ደፍ እስኪነካ ድረስ አልገባውም።

ገባው። እግሩ ተተከለ።

«ና እንጂ» አልኩት፣ አንድ እግሬን ከደፉ ውጭ አሳርፌ። «ከተከተልከኝ እየወረድክ ነው። እጅህን ካላቀቅክ ደግሞ ጠፍተሃል፣ ተሸንፈሃል፣ አሁንም ትወርዳለህ። ምረጥ!»

ወፍራሙ መነኩሴ የሱፍ ፍሬው ትን ብሎት አሳለው። እመምኔቷ ሳቃቸውን በመንደሪን ልጣጭ ሸፈኑ። ሶንግ በሩን አየ፣ ቁልቁለቱን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ዓይኑ ተለወጠ። በሁለት እጁ ደረቴ ላይ ገፋኝ! እንደ ሰው፣ እንደ ተናደደ ሰው ገፋኝ፤ በቂጤ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ገጨ!» ብለው ጮሁ እመምኔቷ። «ተሸንፈሃል፣ ውረድ! ቀሚስህን አታውልቅ፣ ጊዜ አታባክን፣ ውረድ!»

መቀመጫዬ እየነደደኝ ነበር። ግን ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰልኝ።

ባጃጁ ላይ ከኋላዬ ተቀመጠ።

«እናቴ ስለ እኔ ምን አለች?» አለ ግማሽ መንገድ ላይ።

«ስምህን። ከዚያ ሌላ ምን ይበሉ? ምን ሠርተህላቸው?»

«መምጣት ፈልጌ ነበር። ፈርቼ ነው።»

«እናትህን?»

«አንቺን።»

«ደግ አደረግህ። አሁንም ፍራ» አልኩና ለባጃጁ ነዳጅ ሰጠሁት።

ስንደርስ ቺን በሩን ከፈተችልን፣ ቀሚሱንና የተጠቀለለ ጸጉሩን ስታይ አፏን ያዘች። ሶንግ አልጋው ሥር ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ። አማቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ረጅም ጊዜ አዩት። ደህናው እጃቸው ቀስ ብሎ ወጣና አናቱ ላይ ያለችውን ጥቅል ጸጉር ነካ ነካ አደረጋት። ከንፈራቸው በአንድ በኩል ተሸበሸበ። ሳቁበት እኮ! ቺን ማልቀስ ጀመረች። እኔም በቃ ተረፉ ብዬ ወጥ ቤት ሮጬ የማሽላውን አጥሚት አምጥቼ ለእሱ ሰጠሁት።

ማንኪያውን አቀረበ። ጥርሳቸውን ነከሱ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሶንግ ነኝ። መጣሁልሽ።»

ነከሱ። ሲደግመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አየኸው?» አልኩት። «አየኸው ሥራህን? ዘግይተሃል! ተቀይመውህ ነው!» እያልኩ ማንኪያውን ነጠቅሁት። «ዞር በል፣ ተኝተው እንዴት ይዋጥላቸዋል? አንድ ነገር እንኳ አታውቅም።» እንደ ሁልጊዜው ሁለት እጄን ከብብታቸው በታች ሰደድኩና ወደ ትራሱ ላነሳቸው ሳብኳቸው። ገላቸው ተገተረ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ሶንግ» አሉ።

ሶንግ ሊያግዘኝ አንድ መዳፉን እናቱ ጀርባ ላይ አድርጎ ነበር፣ እዚያው ተወው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ፣ በግድግዳ ማዶ የሚወራ ወሬ እንደሚሰማ ሰው።

«ደግመሽ አንሺያት» አለኝ።

«አታዘኝ!»

«ዩፒንግ፣ ደግመሽ አንሺያት።»

ሳብኳቸው። ተገተሩ። «ሶንግ!» አሉ፣ በቁጣ።

«እኔን አይደለም» አለ።

«ምን?»

«እኔን እየጠራች አይደለም። አንቺን ነው የምታናግረው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። በኛ ቋንቋ ሶንግ ማለት ጥድ ነው፤ ልጃቸውን በጥድ ነው የሰየሙት። ሶንግ ማለት ደግሞ ልቀቂ ማለት ነው። አንድ ድምፅ ነው፣ ሲጻፍም አንድ ፊደል ነው። አውድማው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሉኝ፣ ወጣትነቴን በሙሉ የሰማሁት ቃል እሱው ነበር። ትከሻሽን ሶንግ፣ ወገብሽን ሶንግ። ባሌ ከሄደ ወዲህ ያ ድምፅ በጆሮዬ የአንድ ሰው ስም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አስተማሪዬ አልጋ ላይ ሆነው፣ በቀረቻቸው አንዲት ቃል፣ ስንት ጊዜ «ልቀቂ፣ አመመኝ» ሲሉኝ፣ እኔ የምሰማው የእሱን ስም ነው። ስሙን በሰማሁ ቁጥር ደግሞ አጥብቄ እይዛለሁ።

«ውጣ» አልኩት።

«ዩፒንግ…»

«ውጣ ከቤቴ! አንቺም ውጪ ቺን! ሁላችሁም ውጡልኝ!»

ወጡ። የአማቴን ሸሚዝ ገለጥ አደረግሁ። ብብታቸው ሥር በልዞ ሰማያዊ ሆኗል። በየቀኑ ሳጥባቸው አየዋለሁ እኮ፣ ከመኝታ ብዛት የመጣ ነው ብዬ ነበር። ጣቶቼን አስጠጋኋቸው። በልካቸው ነው፣ አራቱም። ከንፈራቸውም ውስጡ ቆስሏል፣ ማንኪያ እየገፋሁበት። ያ ቪዲዮ ከመጣበት ቀን ጀምሮ የሱን አንገት የማንቅ እየመሰለኝ እሳቸውን ነበር የማንቀው።

«እርስዎን አይደለም እኮ እማዬ» አልኩ። ማልቀስ የማልወድ ሴት ነኝ፣ ግን አለቀስኩ። «እሱን ነው። እሱን የያዝኩ መስሎኝ ነው። ምነው እጄን በመቱኝ፣ ምነው በነከሱኝ!»

በደህናው እጃቸው እጄን መታ መታ አደረጉት። ድሮ ሳጠፋ እንደሚያደርጉት።

ቆምኩና እግሬን ዘርግቼ እንዳስተማሩኝ ከታች መልቀቅ ጀመርኩ። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ። ትከሻዬ ላይ ስደርስ እምቢ አለ። ዘጠኝ ዓመት ያደረበት ንዴት በአንድ ትንፋሽ አይወጣም፤ ዛሬም ድረስ ሁሉም አልወጣም። የወጣውን ያህል ግን ወጣ። እጄን ከሥራቸው አስገባሁ፣ አልሳብኩም፣ ጠበቅሁ። ጀርባቸው መዳፌ ላይ ከበደ፣ ተደገፈኝ፣ ትንፋሻቸው ከእኔ ትንፋሽ ጋር ወጣ። ሳላነሳቸው ተነሱ። ማንኪያውን ከንፈራቸው አጠገብ ሳልገፋ ያዝኩ። ቆዩ። አዩኝ። አፋቸውን ከፈቱ።

ጎድጓዳውን ሳህን አጋመሱት። በሸሚዛቸው ጠርዝ አገጫቸውን ስጠርግላቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ስወጣ ሶንግ ከወፍጮው አጠገብ ቆሟል። የቀሚሱ ጫፍ ጭቃ ነክቶታል።

«በላች?»

«በሉ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ አላባበልኩትም። ምን ቆርጦኝ ነው የማባብለው? ሲበቃው በእጅጌው ተጠራረገ።

«ነገ ልምጣ?» አለኝ።

«ማንም አልጠራህም» አልኩት።

ቃሉ የት እንደገባ አየሁ። ከተራራ ያወረደው የእናቱ ጥሪ ነበር፣ ያ ጥሪ ደግሞ የእሱ አልነበረም። አሁን ይጠፋል ብዬ በሩን በዓይኔ አሳየሁት።

«አውቃለሁ» አለ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበና ደጃፉ ላይ የነበረውን የቆሸሸ አንሶላ የሞላ ባልዲ አንስቶ ወደ ቧንቧው ሄደ።

ከደጃፉ ሆኜ አየሁት። ሙቅ ውሃ ሊቀዳ ማሰሮውን ሲያነሳ ግን አልቻልኩም።

«በቀዝቃዛ ነው መጀመሪያ የሚታጠበው፣ አንተ ደንቆሮ!» ብዬ ጮህኩበት።

«አንቺ ነሽ ደንቆሮ!» ብሎ ጮኸብኝ፣ ማሰሮውን አስቀምጦ።